የይታይሽ ፈተና

ቡሬ መናኸሪያ ወርጄ ወደተጠራሁበት ሆቴል ስሄድ ከበሩ አጠገብ አዲስ ፎቅ ይሠራ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች አጥሩ ሥር ተከምረው ረጥበዋል። ያ የረጠበ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሆቴሉ ዘበኛ ያመመኝ መስሎት «እማማ፣ ደከመዎት? ወንበር ላምጣ?» አለኝ። «የለም ልጄ፣ ሽታው ነው» አልሁት። «እውነትዎን ነው፣ ይሸታል፤ ነገ ይነሣል» ብሎ እሱ እንዳጠፋ ሁሉ ይቅርታ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ሰው ወጣትነቱን በሽቶ ያስታውሳል፣ በአደይ ያስታውሳል። እኔ በሲሚንቶ ከረጢት ነው የማስታውሰው።

የተጠራሁት ለስብሰባ ነበር። አዳራሹ ፊት ለፊት በተሰቀለው ሰፊ ጨርቅ ላይ ፈተናን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ስለማመቻቸት የሚናገር ርእስ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ጡረታ የወጣን አስተማሪዎች ልምዳችሁን ታካፍላላችሁ ተብለን ከኋላ ወንበር ተሰጥቶናል። በየፊታችን የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። አሠልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው፤ የሚለውም ሁሉ ልክ ነው። ሥዕል ያለበት ጥያቄ በቃል ይገለጽ፤ ማየት ለተሳነው ተማሪ ሰዓት ይጨመር፤ የሚያነብለት ሰው አስቀድሞ ይሠልጥን፤ መስማት ለተሳነው የቃል ጽሕፈት ቀርቶ በሌላ መንገድ ይጠየቅ። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ፈገግ ብሎ «እንግዲህ ይህ ለእኛ አዲስ አሠራር ነው» አለ። እኔ እዚያች «አዲስ» ላይ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁትም።

ያን ጊዜ የማስተምርባት ፍኖተ ሰላም እንዳሁኑ አልሰፋችም ነበር። አስፋልቱን ተከትላ የተዘረጋች፣ በበርበሬ ወራት ከዳር እስከ ዳር የምታስነጥስ ከተማ ነበረች። በርበሬው በየደጁ ጅባ ላይ ይሰጣል፤ የቡሬ አውቶቡስ ሲያልፍ አቧራውና ማቃጠሉ አንድ ላይ ይነሣና መንገደኛው ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ዘመን ነው። ሻይ ቤቱ በር ላይ የሚጮኸው ቴፕ ክሩ ስለላላ ዘፋኙን ሁሉ ሰካራም ያስመስለዋል። ወንዶቹ አስተማሪዎች ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው ፀጉራቸውን ያንዠረግጋሉ። እኔም ቴርጋል ጉርድ ቀሚስና ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ነበረኝ፤ በክረምት ጫማው ጭቃ ውስጥ እየቀረ ስንት ጊዜ በባዶ እግሬ ክፍል ገባሁ! ብርቅነሽ እባላለሁ፤ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ትምህርቴን ከጨረስሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ዓለምን በካርታ የማሳይ፣ በካርታም የማስተካክል ይመስለኝ ነበር።

መምህር ላቀው የመጣው በዚያን ሰሞን ነው። ፈንጣጣ ሕፃን ሳለ ሁለት ዓይኑን ወስዶበታል። ያደገው ቅኔ ቤት ነው፤ ኋላ ግን ሰዎች ወስደው ብሬል፣ በጣት የሚነበበውን ጽሕፈት አስተምረውታል። ለዓይነ ስውራን አንድ ክፍል ክፈት ተብሎ ከነሻንጣው እኛ ትምህርት ቤት ተላከ። ክፍሉ ተሰጠው፤ ከክፍሉ በቀር ግን ምንም አልተሰጠውም። ለብሬል የሚሆን ወፍራም ወረቀት የለም። ስስ ወረቀት በመውጊያው ሲወጋ ይቀደዳል፤ ነጥቡም ጣት ሳይነካው ይተኛል። ላቀው አንድ ቀን ግንበኞች የጣሉትን የሲሚንቶ ከረጢት በእጁ ዳሰሰና «እቴ ብርቄ፣ ብራናችን ተገኘ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ሲኖር የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች እኛ ሆንን። ከረጢቱን እናራግፋለን፣ በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን፣ ደንጊያ ጭነን እናደርቃለን። ሰዎች «አስተማሪዎቹ ምን ነካቸው?» ይሉ ነበር።

ይታይሽን ያመጣት አባቷ ነው። አያ ዋለ ከማንኩሳ ወዲያ ያለ ገበሬ ነው፤ ላቀውን በአንድ ንግሥ ላይ አገኘው። ልጅቷን ኩፍኝ ነው ዓይኗን ያጠፋው፤ ስሟ ግን ከኩፍኙ በፊት የወጣ ነበር፤ ይታይሽ። የመንደሩ ልጆች በዚህ ስም ምን ያህል እንዳሾፉባት እሷ ናት የምታውቀው። አያ ዋለ በትምህርት ቤቱ በር ቆሞ ዱላውን ተደግፎ «ዓይን ሳይኖራት ፊደል ምን ይሠራላታል? ይኸን ብቻ ንገሩኝ፤ ኸዚያ በኋላ እተውላችኋለሁ» አለ። ላቀው ሳቀና «አያ ዋለ፣ እኔስ ዓይን አለኝ?» አለው። ሽማግሌው «አንቱማ የተማሩ ነዎ» አለ። «እሷም ስትማር የተማረች ትሆናለች» አለው ላቀው። ልጅቷን ትቶልን ሄደ፤ በየገበያው ቀን በቆሎና ሽሮ ይዞላት ይመጣ ነበር።

ፈጣን ልጅ ነበረች። ፈጣን ስል እጇ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ጭምር። የጎጃምን ካርታ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ሠራሁላት። ወንዙን በወፍራም የጥጥ ክር፣ ጣናን በቁራጭ ቆዳ፣ ተራሮቹን በሽምብራ፣ ሁሉንም ከዱቄት ባበሰልነው ሙጫ አጣበቅን። ጮቄን አይጥ በላው፤ ደግመን ሠራነው። ጣቷን በክሩ ላይ እያስኬደች ከጣና ተነሥታ ዞራ ዞራ ወደ ምዕራብ ደረሰችና «ዓባይ እንዲህ ዙሮናል እንዴ?» አለች። «አዎ፣ ጎጃምን አቅፎ ነው የሚሄደው» አልኋት። «መምህርት፣ እቅፍ ነው ወይስ እስር?» አለችኝ። ላቀው ከወንበሩ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «ይቺስ እኔ ያደግሁበት ቅኔ ቤት ነበር የሚገባት» አለ።

ችግሩ ፈተና ሲመጣ ነው። የመጀመሪያውን የክፍል ፈተና ጽፌ ስጨርስ ላቀው አንብቢልኝ አለኝ። «ከዚህ በታች ያለውን ሥዕል ተመልክታችሁ» ብዬ ጀመርሁ፤ አንገቱን ነቀነቀ። ቀጠልሁ፤ «በ‹ሀ› ሥር ያሉትን በ‹ለ› ሥር ካሉት ጋር አዛምዱ»። ረጅሙን ዝርዝር አነበብሁለት። «እንግዲህ» አለ፣ «ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ሰምታ በልቧ ይዛ ማዛመድ አለባት። የምትፈትኚው ጆሮዋን ነው ወይስ ጂኦግራፊዋን?» ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀምጠን እያንዳንዱን ጥያቄ እንፈታዋለን። ሥዕሉን በቃል እንገልጸዋለን፤ አዛምዱን ወደ አጫጭር ጥያቄ እንለውጠዋለን፤ ጥያቄው የሚጠይቀው እውቀት ግን አንድ ሳይቀነስበት እንዲቀር እንከራከራለን። ላቀው በዚህ ጥብቅ ነበር። «ካቀለልሽላት ሰደብሻት» ይለኝ ነበር። ይታይሽ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። የሒሳብ አስተማሪው ሻይ ቤት ውስጥ «የእሷን ፈተና እንደ ገንፎ አላምጣችሁ ነው የምታጎርሷት» ሲል ሰማሁት። ጥያቄውን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥሁና «በል ዓይንህን ጨፍነህ መልስ» አልሁት። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋውና ሻዩን ጠጣ።

ያኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና የአገር ነገር ነበር። ያለፈው ልጅ ቤት ድግስ ይደገሳል፤ የወደቀው ልጅ ቤት ለቅሶ ቤት ይመስላል። ይታይሽ ካለፈች የመምህርነት ሥልጠና ትገባለች፤ ተመልሳም ክፍሉን ትረከባለች። ላቀው ሳል ጀምሮት ነበር፤ ለእኔ ብቻ «እኔ አልቆይም፤ ይህን ክፍል የሚይዘው እሷ ከሌለች ማንም የለም» ብሎኛል። የፈተናው ጣቢያ ቡሬ ሆነ። አስቀድመን ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አመለከትን። «የሚያነብላት ሰው እንመድባለን» ተባልን፤ በዚያ ተደስተን ሄድን።

የተመደበላት ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ፈታኝ ነበር። እንግሊዝኛውን እየተደናቀፈ፣ ሒሳቡን እየዘለለ አነበበላት። ሥዕል ያለበት ጥያቄ ላይ ሲደርስ «ሥዕሉን ተመልከቺና መልሺ» ይልና ዝም ይላል። «ሥዕሉ ምን ይላል ጋሼ?» ስትለው «መግለጽ አልተፈቀደልኝም» ይላታል። ሰዓቱም ያው የሌሎቹ ሰዓት ነው፤ ገና ብዙ ጥያቄ ሲቀራት ደወል ተደወለ። ስትወጣ «እንዴት ነበር?» አልኋት። «ተመልከቺ አሉኝ፤ ተመለከትሁ» አለችና በሻሿ ፊቷን ጠረገች። በጥቂት ነጥብ ወደቀች። ላቀውና እኔ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ቁም ሣጥን በሚያህል ራዲዮ ዜና ይሰማ ነበር። ዝቅ አድርጎት ሰማንና «ለሚመጣው ዓመት እናያለን» አለ። ላቀው «ጌታዬ፣ ስታዩ ለእኛም ንገሩን፤ እኛ ማየቱ አይሆንልንም» አለው። ኃላፊው ሳቀ። ጨዋታ መሰለው።

አያ ዋለ ይህን ሲሰማ ሊወስዳት መጣ። የገበያ ቀን ነበር፤ አህያው ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ታስሮ ይጮኻል። «እሜቴ፣ ሞከራችሁላት፤ እግዜር ይስጣችሁ። ወንድሟ አግብቷል፤ ልጅ ታዝልለታለች» አለኝ። ይታይሽ ከኋላዬ ሆና «አባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች። «ልጄ፣ አንች አታውቂም፤ እኒህ ሰዎች አይፈልጉሽም» አላት። «ፈተናው ነው የማይፈልገኝ። ፈተናው ይለወጣል ብለዋል» አለችው። ሽማግሌው ወደ ላቀው ዞረ። ላቀው ለወትሮው ቀልድ የማይጠፋው ሰው ያን ቀን «በብሬል እንዲመጣላት ቃል ገብተዋል» ብቻ አለ። እውነትም ከዚያ በኋላ ደጅ ብንጠና ቃል ገብተውልን ነበር። አያ ዋለ «እሽ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ኸዚያ ወዲያ ግን አትለምኑኝ» ብሎ አህያውን ፈትቶ ሄደ።

ያን ዓመት እንዴት እንዳጠናች! ከረጢት እየለቃቀምን መጻሕፍቱን በሙሉ ለእሷ እንጽፍ ነበር፤ እኔ አነባለሁ፣ ላቀው ይወጋል። የብሬሉ ክምር እስከ ክፍሉ ግድግዳ ግማሽ ደረሰ። ጣቷ ጫፍ ላይ እስኪደነድን ታነባለች። ጽሕፈት ቤቱ ደጅ እየተመላለስን «ብሬሉስ?» እንላለን። «እየተዘጋጀ ነው» ይሉናል። አንዱ ጸሐፊ ሲሠራ እንዳየውና ባለ ነጥብ ወረቀት እንደሆነ ሲነግረን ላቀው ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ነገሩ ዝማሬ አሰማ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

የፈተናው ጧት ቡሬ በጭጋግ ተሸፍና ነበር። አያ ዋለ አዲስ ቡልኮ ለብሶ መጥቷል። ላቀውና እሱ በሩ ላይ ቀሩ፤ እኔ እስከ ወንበሯ እንዳደርሳት ብቻ ተፈቀደልኝ። ይታይሽ ነጭ ሽንሽን ቀሚሷን ለብሳ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች። የጣቢያው ኃላፊ ኮትና ክራቫት ያደረገ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። የታሸገ ትልቅ ፖስታ ከፈተና «ይኸውልሽ፣ ብሬልሽ መጥቷል» ብሎ ፊቷ አስቀመጠላት። ይታይሽ ሁለት እጇን ዘረጋች። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዳሰሰችው። ገለበጠችው። ሁለተኛውን ገጽ አነሣች። ሦስተኛውን አነሣች።

«መምህርት፣ ገና አልሰጡኝም እንዴ?» አለች።

«ሰጥተውሻል፤ እጅሽ ላይ ነው።»

«ይሄማ ባዶ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ወረቀቱ በነጥብ የተሞላ ነው፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ በመስመር የተደረደረ ነጥብ። ጣቴን አሳረፍሁበት፤ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። ያኔ ገባኝ። አንድ ሰው የሆነ ቦታ ትክክለኛውን ብሬል ሠርቷል። ሌላው ሰው ደግሞ እንደ ማንኛውም ፈተና ወስዶ በማባዣ ማሽን አባዝቶታል። ማሽኑ የነጥቡን መልክ ገልብጧል፤ ነጥቡን ግን አላነሣም።

«ጌታዬ» አልሁ፣ «ይህ አይነበብም።»

«እንዴት አይነበብም? ነጥቡ ይኸው ይታያል!»

«ለእርስዎ ይታያል። እሷ የምታነበው በጣት ነው፤ ነጥቡ ከወረቀቱ ካልተነሣ ለጣት ምንም ነው። እስቲ ይንኩት።»

ነካው። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ ጣቱን አስኬደበት። ፊቱን እያየሁት ነበር፤ ገብቶታል። ባይገባው ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ባልተቀየምሁት። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰና «የተላከው ይህ ነው። እኔ ፈተና አላትምም» አለ።

«እንግዲያው አንባቢ ይሰጣት፤ እንዳምናው ይሁንላት!»

«ብሬል ለተላከለት ተፈታኝ አንባቢ አይመደብም ይላል መመሪያው።»

«መመሪያው እንዲህ ያለውን አላሰበማ!»

«እኔም እንዳስብ አልተላክሁም፤ ይውጡ፤ ደወል ሊደወል ነው።»

ይታይሽ ክርክሩን ሁሉ ሰምታለች። እጇ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው። «መምህርት፣ ይሂዱ፤ እርስዎን ደግሞ አንድ ነገር እንዳያደርጉብዎት» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ዞረው ያዩናል። ፈታኙ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

በሩ ላይ ሁለቱ ሰዎች ይጠብቁኛል። ስነግራቸው ላቀው የተሳሳትሁ መስሎት ሦስቴ አስደገመኝ። ከዚያ «ወረቀቱ ራሱ ታውሯል» አለ። አያ ዋለ ግን ነገሩ አልገባውም። «ዛዲያ አልተጻፈበትም?» አለኝ። «ተጽፎበታል።» «ዛዲያ እሷ ማንበብ ትችል የለ?» «ትችላለች።» «ምን ሆነና?» መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ በጠጠር አስረዳሁት፤ ጠጠሩን አፈር ላይ አድርጌ አስነካሁት፤ ከዚያ ጠጠሩን አንሥቼ ቦታውን በከሰል ነጥብ አድርጌ አስነካሁት። ጣቱን ከመሬት ሳያነሣ ቆየ። «እሜቴ፣ እኔ ማንበብ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ግን ሳይዘራ እጨድ የሚለኝ ሰው እያላገጠብኝ እንደሆነ አውቃለሁ።» ዱላውን ጨብጦ ወደ ውስጥ ሊገባ ተነሣ። ያንን እምቢ ባይ ሽማግሌ፣ ፊደል ምን ይሠራላታል ያለውን ሰው፣ በልጁ ፈተና ምክንያት ከዘበኛ ጋር ሲታገል አየሁት። ዘበኛውም እያዘነለት «አባቴ፣ እኔን አይግፉኝ፤ እኔም የታዘዝሁ ነኝ» ይለዋል።

ሰዓቱ ሳያልቅ መውጣት ክልክል ስለነበር እስከ ደወሉ ያንን ለስላሳ ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። ሌሎቹ የሚጽፉበትን የእርሳስ ድምፅ እየሰማች። ስትወጣ ወረቀቱን ራሷ ለኃላፊው ሰጠችው። «እንዳመጣችሁት ንጹሕ ነው፤ አላቆሸሽሁትም» አለችው አሉ፤ አጠገቧ የነበረች ተፈታኝ ናት የነገረችኝ።

ከበሩ ውጭ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ስለ ፈተናው ይከራከራሉ። «ሦስተኛው ላይ ምን አልህ?» «የዝናቡ ጥያቄስ?» አንዱ ጥያቄውን በቃሉ ይደግማል፣ ሌላው መልሱን ይናገራል፣ ሦስተኛው አይደለም ይላል። ይታይሽ እጄን ይዛ ስታልፍ ቆመች። አንዱ ልጅ የጎነ ሦስቱን ጥያቄ ሲያነሣ መልሱን ነገረችው። ዞር አሉ። ሌላይቱ ልጅ የዝናቡን ጠየቀች፤ እሱንም መለሰች። የመሬት መሸርሸሩን፣ የደም ዝውውሩን፣ የእንግሊዝኛውን ግስ፤ ልጆቹ ተራ በተራ እያነሡ ይጠይቋታል፣ እሷ ትመልሳለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር፤ በኋላ ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዱ ረዘም ያለ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «ትክክል ናት?» አለኝ። «ሁሉም ትክክል ነው» አልሁት። አያ ዋለ ከጎኗ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላትና «ነይ ልጄ፣ እንሂድ» አላት። ያን ቀን ተፈተነች፤ ያን ቀንም አለፈች። ግን ያለፈችው አስፋልት ዳር ነው፤ እዚያ ከሰሙት መካከል ደግሞ ፈተና የሚያርም ሰው አልነበረም።

አቤት አልን። «ፈተና ተሰጥቷታል፤ ምንም አልመለሰችም» ተባልን። ላቀው በትልልቁ ቢሮ ሁሉ ዞረ፤ ሳሉ እየባሰበት፣ እኔ እየመራሁት። እኔን በዓመቱ ነገር ታበዛለች ብለው ሊበን ወደሚባል ሩቅ ቦታ አዛወሩኝ፤ ብዙ ቆይቼ ስመለስ ላቀው አርፏል። ክፍሉን የሚረከብ ስለታጣ ተዘግቶ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። ተማሪዎቹ በየመንደራቸው ተበትነዋል፤ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ዘርግቶ አየሁት፤ በድምፄ አውቆኝ እጁን መለሰ። ያ ግማሽ ግድግዳ የደረሰው የብሬል ክምር የት እንደገባ ብጠይቅ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ያ የሲሚንቶ ወረቀት? እሳት ማያያዣ አደረግነው፤ ጥሩ ይነድዳል» አለችኝ። እሷን ምን እላታለሁ? ማን ነግሯት?

እንግዲህ ቡሬ ሆቴሉ ውስጥ ያ ወጣት አሠልጣኝ «አዲስ» ሲል ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ሻይ ስንጠጣ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ ብሬሉ ከመላኩ በፊት በጣቱ የሚያነብ ሰው ይነካዋል?» አልሁት። «ጥሩ ጥያቄ ነው እማማ» ብሎ ጻፈው። በጎ ልጅ ነው፤ አልጠላሁትም። አጠገቤ የተቀመጠው ከገጠር የመጣ ርዕሰ መምህር ግን ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «እትዬ፣ ፈተናው አማረ፤ የእኔ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ከራርሟል። ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ። ማንን እንፈትንበት?» አለኝ። ጦርነት ባለበት በዚህ ክፉ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው የለም። ምሳው ግን ሥጋ ነበረበት።

ስወጣ ለናሙና የተሠራውን አንድ የብሬል ፈተና ለምኜ ወሰድሁ። ጣቴን አሳርፌበታለሁ፤ ነጥቡ ቆሟል፤ ደህና ሥራ ነው። ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ማንኩሳ ላይ ከሚኒባሱ ወረድሁ። ይታይሽ የምትኖረው እዚያ ነው፣ በወንድሟ ግቢ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል። የወንድሟን ልጆች አዝላ አሳድጋለች፤ አሁን የልጆቹን ልጆች። ፀጉሯ ከእኔ ይልቅ ሸብቷል። ጥጥ ስትፈትል አገኘኋት። «መምህርት ነዎ!» አለች ገና በሩ ላይ ሳስል፤ ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች፤ ከለከልኋት። ስለ ስብሰባው ነገርኋት፤ ሰዓት እንደሚጨመር፣ ሥዕሉ በቃል እንደሚነገር። እንዝርቷን ይዛ ታዳምጣለች። «ለልጆቹ እሰየው» አለች። ቀና ብላም «ለመሆኑ እየተማሩ ነው?» አለችኝ። «ገና ነው፤ አልተከፈተም» አልኋት። ራሷን ነቀነቀችና እንዝርቷን አሾረች።

ናሙናውን እጇ ላይ አኖርሁላት። መጀመሪያ ፈራችው። ከዚያ ጣቷን አስኬደች፤ ቀስ እያለች፣ እየተመለሰች፤ ለብዙ ዘመን ያላየችውን ሰው ፊት እንደምትዳስስ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቆይታ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበች፤ «ከአበባ ክፍሎች መካከል የአበባውን ዱቄት የሚሠራው ምን ይባላል?» ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ወደ ጥያቄው ተመልሳ አማራጮቹን እንደገና ዳሰሰቻቸው። ግቢው ውስጥ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ረሳሁት» አለች።

«ምንም አይደል ልጄ» አልኋት።

«ያን ጊዜ ግን አውቀው ነበር።»

«ታውቂው ነበር።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «መምህርት፣ ምስክሬ ነዎ?»

«ነኝ» አልኋት።